አንድ ፕሮግራም፥ ብዙ ማኅደር
የግል ቅንብር አያያዝ ታሪክና በደቡብ ጎንደር ለሚሰበሰቡ ጽሑፎች ያለው ጥቅም

በደብረ ታቦርና በጋይንት አካባቢ ከቆዩት አድባራት ወደ አንዱ ዕቃ ቤት የገባ ሰው፥ የብራና መጻሕፍት በማንገቻቸው ተንጠልጥለው ያያል። መጽሐፉ ከቆዳ የተሰፋ ማኅደር አለው። ዳዊቱ ከራሱ ማኅደር፥ ድርሳኑም ከራሱ ማኅደር ይገባል እንጂ፥ ሁለቱ በአንድ ታጭቀው አይያዙም። ይኸው ቃል በኋላ ዘመን ወደ መሥሪያ ቤት ገብቶ የሰነድ መያዣ ስም ሆነ፤ በኮምፒዩተር ረገድም ሕዝቡ «ፎልደር» ለሚለው ነገር አንዳንድ ተርጓሚዎች የመረጡት ቃል ማኅደር ነው። ምርጫው መልካም ስለ ሆነ እኔም እከተለዋለሁ።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ ስለ አንድ ዐይነት ማኅደር ብቻ ነው። ይኸውም አንድ የጽሕፈት ወይም የንባብ ፕሮግራም ስለ ባለቤቱ ልማድ የሚያውቀውን ሁሉ የሚያኖርበት የግል ማኅደር ነው። ባለቤቱ የመረጠው የፊደል መልክ፥ እርሱ ራሱ የጨመራቸው ቃላት መዝገብ፥ ፕሮግራሙ ሳይጠየቅ እንዲያርመው የተፈቀደለት ስሕተት፥ የገጹ አብነት፥ ይህ ሁሉ በዚያ ይገኛል። እነዚህን በአንድ ቃል «ቅንብር» እላቸዋለሁ። አንድ ሰው በአንዱ ፕሮግራም ሁለትና ሦስት የማይመሳሰሉ ሥራዎች ሲሠራ፥ ለእያንዳንዱ ሥራ የተለየ ማኅደር ሊኖረው ይገባል ወይስ ሁሉንም ባንድ ቢይዝ ይበቃዋል? ጥያቄው ለመካኒክ እንጂ ለታሪክ ተማሪ የሚገባ አይመስልም። ነገር ግን ከዛሬ ሃያና ሠላሳ ዓመት በፊት በአሮጌ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ የመመረቂያ ጽሑፍ ከፍቶ ለማንበብ የሞከረ ሁሉ ነገሩ የእኛም እንደ ሆነ ያውቃል።

ከዚህ በታች የፕሮግራሞቹ ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

የጽሕፈት መኪና ባለቤቱን አያውቅም ነበር። ጸሐፊዋ ለራሷ የምታስተካክለው ነገር ቢኖር የግራና የቀኝ ኅዳጉና የመዝለያው ቦታ ነው፤ እርሱንም ከእርሷ በኋላ የምትቀመጠው ጸሐፊ በአንድ ደቂቃ ትለውጠዋለች፤ በዚህም የሚጠፋ ነገር የለም። ኮምፒዩተር ግን ያስታውሳል፤ ችግሩም የሚጀምረው ከማስታወሱ ላይ ነው።

በ1969 በአሜሪካ አገር በቤል ላቦራቶሪ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ የጀመሩት ዩኒክስ የተባለው ሥርዐት አንዱን ማሽን ብዙ ሰዎች እንዲጋሩት የተሠራ ስለ ነበረ፥ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ «ቤት» የሚባል ማኅደር ተሰጠው። ፕሮግራሞችም የባለቤቱን ልማድ በዚሁ ቤት ውስጥ፥ ስሙ በነጥብ በሚጀምር ፋይል መደበቅን ለመዱ። ከዚያው ላቦራቶሪ ሰዎች አንዱ የነበረው ሮብ ፓይክ በ2012 እንደ ገለጸው፥ ይህ መደበቂያ ታስቦበት የተደረገ አልነበረም። በዩኒክስ አንድ ማኅደር ራሱን በአንድ ነጥብ፥ የበላዩን ማኅደር በሁለት ነጥብ ይጠራል። የፋይሎችን ዝርዝር የሚያወጣው ፕሮግራም እነዚህን ሁለቱን እንዳያሳይ ሲባል፥ ስሙ በነጥብ የጀመረውን ሁሉ እንዲዘል ተደረገ፤ ይህም ለጸሐፊው አጭር መንገድ ነበረ። ከዚያ ወዲህ የመጡ ፕሮግራሞች ግን የማይታይ ስፍራ ማግኘታቸውን ሲረዱ እየመጡ ሰፈሩበት። የሰውም ቤት በማይታዩ ፋይሎች ተሞላ፤ ባለቤቱም በቤቱ ያለውን የማያውቅ ሆነ።

ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሌላ ነው። ዩኒክስ ሰውን ከሰው ለየ እንጂ የአንዱን ሰው ሥራ ከሌላው ሥራው አልለየም። አንድ ሰው በአንድ ቤት፥ አንድ ፕሮግራም በአንድ ቅንብር ሆኖ ብዙ ዘመን ቆየ።

ይህ ሥርዐት ሲጠብና ሲሰፋ የሚታይበት ጥሩ ምሳሌ ኢማክስ የተባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ነው፤ ለእኛም ልዩ ትርጉም አለው። ኢማክስ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በ1976 ተጀመረ፤ ዛሬ በሰፊው የሚታወቀውን ዐይነት ደግሞ ሪቻርድ ስቶልማን በ1985 ለሕዝብ አቀረበው። በኋላ በጃፓን የኤሌክትሮቴክኒክ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ብዙ ቋንቋዎችን በአንድነት የሚጽፍ «ሚዩል» የሚባል ቅጥያ ሠሩለት፤ ቅጥያው በ1997 ከወጣው ከ20ኛው ኢማክስ ጋር ተዋሐደ። የግዕዝ ፊደልም በውስጡ ነበረ። ፊደሉ ዩኒኮድ በተባለው የዓለም መዝገብ በ3ኛው እትም የገባው በ1999 ስለ ሆነ፥ ኢማክስ ሁለት ዓመት ቀደመ ማለት ነው። የሚጻፈውም ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ባዘጋጁት «ሴራ» በሚባለው ሥርዐት መሠረት፥ የአማርኛውን ድምፅ በላቲን ፊደል በመምታት ነው። የጃፓን ሊቃውንት የእኛን ፊደል ከእኛ ማሽኖች አስቀድመው በቤታቸው ማስተናገዳቸው ሳያስገርም አይቀርም።

በኢማክስ የአማርኛ አጻጻፉ ሥርዐት ራሱ ከፕሮግራሙ ውስጥ ስለ ሆነ፥ ምርጫው በባለቤቱ ማኅደር ይቀመጣል። ስለዚህ አንዱን ኢማክስ ለአማርኛ ጽሑፍ፥ ሌላውን ለሌላ ሥራ ማድረግ የሚፈልግ ሰው ሁለት ማኅደር ያስፈልገዋል። ይህን ለማግኘት ሰዎች ብዙ ዘዴ ሞከሩ። አንዳንዶቹ ፕሮግራሙ ሲነሣ «ቤትህ እዚህ ነው» ብለው ሌላ ማኅደር በማሳየት ያታልሉት ነበር፤ ነገር ግን ከእርሱ የሚነሡት ሌሎች ፕሮግራሞችም አብረው ስለሚታለሉ፥ የራሳቸውን ቅንብር ያጣሉ። በ2020 የወጣው 27ኛው እትም ማኅደሩን በአዲሱ የጋራ ልማድ ቦታ መፈለግ ጀመረ። በ2023 በወጣው 29ኛው እትም ደግሞ ሲነሣ የማኅደሩን አድራሻ የሚቀበል ትእዛዝ ተጨመረ። ፕሮግራሙ ለሕዝብ ከቀረበ 38 ዓመት ሆኖት ነበር! የዘገየበት ምክንያት የሥራው ክብደት አይመስለኝም፤ አንድ ሰው አንድ ልማድ ብቻ አለው የሚለው አሳብ ሥር የሰደደ ስለ ነበረ ይመስለኛል።

ድረ ገጽ የሚያነቡት ፕሮግራሞች ወደዚህ ቀድመው ደርሰዋል። በ1997 የወጣው ኔትስኬፕ ኮሚዩኒኬተር ሲነሣ «ማን ነህ?» ብሎ የሚጠይቅ የፕሮፋይል መራጭ ነበረው። በዊንዶውስ 95 ለየተጠቃሚው የተለየ ቅንብር መያዝ ቢቻልም፥ ስም ሳይሰጡ አልፎ መሥራትም ይቻል ነበርና፥ በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች ደብዳቤዎቻቸው እንዳይቀላቀሉ መለያው በራሱ በፕሮግራሙ ውስጥ ቢሆን ይሻል ነበረ። ከዚያው ዘር የመጣው ፋየርፎክስ ልማዱን ወረሰ፤ ማኅደሩን በዘፈቀደ በተመረጡ ስምንት ፊደላትና ቍጥሮች ይሰይመዋል፥ የማኅደሮቹንም ዝርዝር በአንድ ትንሽ መዝገብ ይይዛል፤ አንዱ ማኅደር በሁለት እጅ እንዳይከፈትም ቍልፍ ያደርግበታል። በ2019 ከወጣው ከ67ኛው እትም ጀምሮ፥ በአንድ ማሽን ላይ በየቦታው የተተከለው እያንዳንዱ ፋየርፎክስ የየራሱ ማኅደር እንዲኖረው ተደረገ። ምክንያቱም አዲሱ እትም የነካውን ማኅደር አሮጌው እትም መልሶ ሊያነበው ላይችል ነው።

በ2003 ደግሞ የሊኑክስ ፕሮግራሞች አዘጋጆች በተስማሙበት መመሪያ፥ ቅንብሩ በአንድ ቦታ፥ የባለቤቱ መረጃ በሌላ ቦታ፥ ቢጠፋ የማያሳዝነው ጊዜያዊ ክምችት ደግሞ በሦስተኛ ቦታ እንዲቀመጥ ተወሰነ። በእኔ አስተያየት ከዚህ ሁሉ ታሪክ የሚበልጠው አሳብ ይህ ነው፤ የሚጠበቀውን ከሚጣለው ለይቷልና።

ይህን የመለየት ልማድ የደቡብ ጎንደር ሰው ከኮምፒዩተር መማር አያስፈልገውም። ድጓ አንድ መጽሐፍ ነው፤ ዜማው ግን የቤተ ልሔም፥ የቆማና የአጫብር እየተባለ ይለያል። ጋይንት ያለው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ሲሆን፥ ዙር አምባም የዝማሬና መዋሥዕት ማስመስከሪያ ነው። በአቋቋምም እንዲሁ የጎንደር ላይ ቤት፥ ታች ቤትና ተክሌ አለ፤ ተክሌ የሚባለው የፎገራው አለቃ ገብረ ሐና ጀምረውት፥ በልጃቸው በተክሌ ስም የተጠራውና በደብረ ታቦር የጸናው መሆኑ በሊቃውንቱ ዘንድ ይነገራል። ሁለቱን የሚያውቅ መሪጌታ ይኖራል፤ ነገር ግን በአንድ ማኅሌት ላይ አንዱን ከሌላው አያደባልቅም። በየትኛው እንደሚቆም ከመቆሙ በፊት የታወቀ ነው። መጽሐፉ አንድ፥ ሥርዐቱ ብዙ፥ ምርጫውም ከመነሻው ላይ ነው።

ወደ ፊደላችን እንመለስ። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፥ አኀዞቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ደግሞ የቀድሞው ፎንት ከነበረው ከ256 ቦታ፥ ያውም ከፊሉ ለማሽኑ ትእዛዝ ተይዞ፥ የሚተርፍ ነገር የለም። ስለዚህ እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ ፕሮግራሞች በቀድሞ እትሞቻቸው የእኛን ፊደል በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ አስቀመጡት፤ አንዱ ፎንት ሲሞላም ወደ ሁለት መክፈል ግድ ሆነ። እነዚህ ፕሮግራሞች ባይኖሩ ኖሮ በዚያ ዘመን በኮምፒዩተር አማርኛ የሚጽፍ መሥሪያ ቤት ባልተገኘ ነበርና፥ ዛሬ በነቀፋ ብቻ መጥራታቸው አይገባም፤ ኋላም ወደ ዩኒኮድ ተሻግረዋል። ሆኖም በአሮጌው መንገድ የተጻፈው ሰነድ እስከ ዛሬ በውስጡ የያዘው የላቲን ፊደል ነው። ላይኛው መልክ ብቻ አማርኛ ነው። ፎንቱ ሲጠፋ ትርጉም የሌለው የላቲን ዝብርቅ ይወጣል።

ይህም ቢሆን ፎንቱን በመፈለግ ይድናል። የማይድነው ሌላው ነው። የጽሕፈት ፕሮግራም ለእንግሊዝኛ እንዲያገለግል ተደርጎ ሲቀናበር፥ የዐረፍተ ነገሩን የመጀመሪያ ፊደል ትልቅ ያደርጋል፤ በስሕተት ሁለት ትልልቅ ፊደል የተመታውንም አንዱን ያሳንሳል። በአሮጌው የግዕዝ ፎንት ግን ትንሹና ትልቁ የላቲን ፊደል ሁለት የተለያዩ የአማርኛ ምልክቶች ናቸው። ስለዚህ ፕሮግራሙ አርማለሁ ብሎ የእኛን ፊደል በሌላ የእኛ ፊደል ይለውጠዋል። ገጹን ላየ ሰው የተበላሸ አይመስልም፤ አማርኛ ነውና።

ይህን ያወቅሁት በራሴ ጥፋት ነው። ብዙ ደንበኛ በሚጋራው በአንድ የጽሕፈት ቤት ማሽን ላይ፥ በአሮጌ ፎንት የተጻፈ የመንደርና የርስት ስም ዝርዝር ከፈትሁ። ማሽኑ ለእንግሊዝኛ ማመልከቻ ጽሑፎች የተቀናበረ ነበረ። ሰነዱን በሙሉ እንዲያርምልኝ አዘዝሁት፤ አስቀመጥሁትም። ተራ ቃል ቢሆን የተሳሳተውን የመጀመሪያ ፊደል ከአሳቡ ተነሥቶ መገመት ይቻላል። የመንደር ስም ግን አይገመትም። ስሞቹ ሁሉ በየመስመሩ መጀመሪያ ላይ ነበሩ። ከሰነዱ ባለቤት ዘንድ የወረቀት ግልባጭ ባይገኝ ኖሮ፥ በእርሱ ላይ የተመሠረተው ጥናት በሌሉ መንደሮች የተሞላ ይሆን ነበረ።

ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም፤ ቅንብሩም በራሱ ስሕተት አልነበረበትም፤ ለእንግሊዝኛ ደብዳቤ ትክክል ነበረ። ስሕተቱ ዳዊቱን ከድርሳኑ ማኅደር ማግባቴ ነው።

ከዚያ ወዲህ በሊብረ ኦፊስ እሠራለሁ። ይህ ፕሮግራም በ2010 ከኦፕን ኦፊስ የተለየ ሲሆን በነጻ ይገኛል፤ ሲነሣም በትእዛዙ ላይ የተለየ የማኅደር አድራሻ ቢጻፍለት፥ ያንን ብቻ ይከፍታል። አድራሻው የተጻፈበትን ማስነሻ ምልክት በገበታው ላይ በተለያየ ስም ማኖር ይበቃል። እኔ ሦስት አሉኝ።

አንደኛው «አሮጌ» ይባላል። በእርሱ ራስ ገዝ እርማት ሁሉ ተዘግቷል፤ የቃላት መዝገቡ ባዶ ነው፤ የፊደል ግድፈት መመርመሪያውም አይሠራም። ማንበብና መገልበጥ እንጂ መጻፍ የለበትም። ሁለተኛው «አማርኛ» ነው። በዩኒኮድ ይጻፍበታል፤ የአማርኛ የቃላት መመርመሪያ አለው፤ በተለይም ብዙ ጸሐፊ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ መትቶ አራት ነጥብ ያደረገ ስለሚመስለው፥ ያንን ወደ እውነተኛው አራት ነጥብ የሚለውጥ እርማት ተጨምሮበታል። ለዐይን ልዩነቱ አይታይም፤ ዐረፍተ ነገር ለሚቈጥር ወይም ቃል ለሚፈልግ ማሽን ግን ልዩነቱ ብዙ ነው። በዚህ ማኅደር ለወራት የሰበሰብኋቸው የሰውና የቦታ ስሞች አሉ፤ ወደ አሮጌው ቢገቡ ምንም አይጠቅሙም።

ሦስተኛው «ድጓ» ነው፤ ገና አልጠናም። የዜማ ምልክቶች፥ ይዘት፥ ደረት፥ ርክርክ፥ ድፋት፥ ቅናት፥ ጭረት፥ ሂደት፥ ቍርጥና ሌሎቹ፥ በጠቅላላው ዐሥር ሆነው በ2005 በዩኒኮድ 4.1 ገብተዋል። ነገር ግን ራሳቸውን ችለው እንደሚቆሙ ምልክቶች እንጂ በፊደሉ ራስ ላይ እንደሚወጡ አልተመዘገቡም። ስለዚህ ከፊደሉ በላይ ለማስቀመጥ ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል። ለዚህ የሚያገለግለው ጃፓኖች ከከባዱ ፊደላቸው በላይ ንባቡን በትንሽ ፊደል የሚጽፉበት «ሩቢ» የሚባለው ነው፤ ይህም በሊብረ ኦፊስ የሚገኘው የእስያ ቋንቋዎች ቅንብር ሲከፈት ነው። ያ ቅንብር ለተራ የአማርኛ ደብዳቤ ትርፍ ምርጫዎችን ይደረድራል፤ በተለየ ማኅደር ግን ማንንም አያስቸግርም። የጋይንትን ድጓ ለመጻፍ የጃፓንን በር ማንኳኳት ግድ ሆነ፤ ከላይ ስለ ኢማክስ ከተባለው ጋር ሲታይ ሁለተኛ ጊዜ መሆኑ ነው።

የዚህ ዘዴ ወሰንም ሊነገር ይገባል። ፎንቱ ራሱ በማኅደሩ ውስጥ የለም፤ በማሽኑ ላይ የተተከለ ነው። እንደ ኪይማን ያለው የአማርኛ መምቻም ከፕሮግራሙ ውጭ ስለ ሆነ፥ ማኅደር ሲለወጥ አብሮ አይለወጥም። በ«አሮጌ» ውስጥ ሆኖ በዩኒኮድ መምታት ይቻላል፤ ይህም ከሁሉ የከፋ ድብልቅ ነው፤ በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ዐይነት አማርኛ ይወጣልና። ደግሞም መብራት በድንገት ሲጠፋ የማኅደሩ ቍልፍ ሳይነሣ ሊቀር ይችላል፤ ፕሮግራሙ አልከፍትም ሲል ማኅደሩን በሙሉ የሚሰርዝ ችኵል ሰው አለ። በቅድሚያ ስሙን ለውጦ ወደ ጎን ማቆየት ይሻላል።

ግልባጭ ስለ መያዝ ለደብረ ታቦር ሰው ብዙ መናገር አያሻም። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት የሰበሰቧቸውን መጻሕፍት በመቅደላ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን አከማቿቸው፤ እርሳቸውም በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ግድም ደብረ ታቦርን አቃጥለው፥ በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖልን እያስጐተቱ ወደዚያው አመሩ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባዪቱ ስትያዝ፥ በየደብሩ ተበትኖ ቢሆን ባልጠፋ ነበር የሚባለው ሁሉ በአንድ ቀን በአንድ እጅ ወደቀ፤ 350 ያህሉ መጻሕፍት ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ሦስቱን ማኅደሮቼን ለይቼ ስይዝ ሦስቱም በአንድ ማሽን ላይ እንደ ነበሩ ያስተዋልሁት ዘግይቼ ነው። አሁን የየማኅደሩ ግልባጭ ከማሽኑ ውጭ አለ፤ በእያንዳንዱም ውስጥ የትኛው የፕሮግራሙ እትም እንደ ከፈተውና የትኞቹ ፎንቶች እንደሚያስፈልጉት የሚናገር አጭር ማስታወሻ አኑሬያለሁ፤ አዲስ እትም ሲመጣም በቅድሚያ የሚነካው ግልባጩን ነው።

«አሮጌ» የተባለው ማኅደር በውስጡ የሚነበቡት ሰነዶች ሁሉ ወደ ዩኒኮድ ሲገለበጡ ይዘጋል። ለመገልበጥ ሰነዱ በየትኛው ፎንት እንደ ተጻፈ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ፎንቱም ሁለት ከሆነ፥ የትኛው ቃል በየትኛው እንደ ሆነ መለየት ነው። በእጄ ካሉት መካከል የፎንታቸው ስም ከሰነዱ የተፋቀ አሉና፥ እነርሱን ፊደል በፊደል ከወረቀቱ ጋር እያስተያየሁ ነው።